በሁለተኛው ጌም ውስጥ ያለችው እኔ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን እስካቋርጥ ድረስ የጻፍኩት ሁሉ ከሰሌዳ የገለበጥኩት ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር በስልክ የምልካቸው አጫጭር መልእክቶች ናቸው፤ እነሱንም ከላክኋቸው በኋላ ደጋግሜ አነብና ምነው ባልላክኋቸው እላለሁ። ይህን የምጽፈው በአፌ መናገር ስለማይሆንልኝ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ሁለት ሦስት ቃል ከተናገርኩ ላብ ያጠምቀኛል፣ የጀመርኩትም ይጠፋኛል። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

የምኖረው መርሳ፣ አክስቴ ቤት ነው። እናትና አባቴ እዚሁ አቅራቢያ ባለችው ገጠር፣ ግራና ናቸው። እነሱ ማንጎ ያመርታሉ፣ እኔ እሸጣለሁ። የምሸጠው መንገድ ዳር፣ ከደሴ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያም ወደ ደሴ የሚያልፉ መኪኖች ለአፍታ ገታ በሚሉበት ቦታ ነው። ሥራው አፍ ይፈልጋል። መኪናው ሳይቆም መሮጥ ነው፤ ሳፋውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ መጣራት፣ ተሳፋሪው ሐሳቡን ሳይለውጥ፣ ሾፌሩም ማርሽ ሳያስገባ መሸጥ ነው። ጓደኞቼ ጉሮሯቸው ሌላ ነው። አንዷ ስትጣራ እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ውርጌሳ ይሰማል እያልን እንቀልድባት ነበር።

እኔ እንደዚያ አልችልም። እኔ ስጣራ የሻርፔን ጫፍ አፌ ላይ ሳብ አደርግና ከዚያ ሥር ቀስ ብዬ «የግራና ነው… ማንጎ… የግራና ነው…» እላለሁ። የሚገርመው ነገር ሰው ይሰማኛል። ምን አለች ብሎ ከመስኮቱ አንገቱን ያወጣል፤ አንገቱን ካወጣ ደግሞ ማንጎውን ያያል። አክስቴ ሁልጊዜ «ሌላው በመጮህ ይሸጣል፣ አንች በማፈር ትሸጫለሽ» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ ስትለኝ እስቅ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ወልድያ ኮምፒውተር ተምሮ እዚያው ስልክ ይጠግናል። ከጥገናው በተረፈው ጊዜ የስልክ ጌም ሠራ፤ የመርሳ ሰው እርስ በርሱ የሚደባደብበት ጌም። ባጃጅ ነጂው ባጃጁን እያሽከረከረ ይመጣል። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ዱቄት ዓይን ላይ ትነፋለች። የመኪና ረዳቱ በሩን ፊት ላይ ድርግም ያደርጋል። ከጨርቃ ጨርቅ ሱቁ በረንዳ ላይ የሚሰፉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መቀስና ሜትር ይዘው ይደባደባሉ። ሁሉንም እየዞረ አስፈቅዷቸው፣ በስልኩ ቀርጾ፣ ወደ ሥዕል ለውጦ ነው ያስገባቸው።

እኔንም አስገብቶኛል። እኔን ግን አላስፈቀደኝም። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩን ወደ እኔ ይዞ አይቼው ነበር፤ ሰው እያነጋገረ መስሎኝ በእጄ ሰላም አልኩት።

ያወቅሁት በሥራ ላይ እያለሁ ነው። አንድ ከደሴ የመጣ አውቶቡስ ቆመ፤ ሳፋዬን ወደ መስኮቱ አነሳሁ። አፌን ሳልከፍት «የግራና ነው…» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ከኋላዬ ሌላ ሻጭ ያለች መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ድምፁ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ከያዘው ስልክ ነበር፤ ድምፁም የእኔ ነበር። ስልኩ ላይ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሳፋ ይዛ ቆማለች። ባጃጁ እየተሽከረከረ መጣባት። ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ባጃጁ ነጥሮ ወደቀ።

እናትየዋ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስልኩን አየች። «እሷ ናት እኮ» አለች ለጎረቤቷ። በክፋት አልነበረም፣ ደስ ብሏት ነው። ከዚያ በዚያ ጎን ያሉት መስኮቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ከልማዴ ሻርፔን ሳብኩ። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሸፈነች» ሆነ። እጄ ወደ ሻርፔ ሲሄድ ያዩ ሁሉ፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር፣ «ሸፈነች» ይላሉ። ስለዚህ እጄን መያዝ ጀመርኩ። ሻርፔን ካልሳብኩ ደግሞ ድምፄ አይወጣም። ካልተጣራሁ ማንም አንገቱን አያወጣም። ሳፋው እንደወጣ ይመለስ ጀመር። ማንጎ ደግሞ ሰው እስኪረሳልኝ ድረስ አይጠብቅም፤ ይበስላል፣ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። አክስቴ የለሰለሰውን ለጎረቤት ስታድል ሰነበተች። አባቴ ደውሎ ገበያው ምን ሆነ ሲለኝ መኪና ቀንሷል አልኩት።

አንድ ጁምዓ የአክስቴ ልጅ ከወልድያ ለምሳ መጣ።

«ሁለተኛውን እየሠራሁ ነው» አለ ገና እጁን ሳይታጠብ።

«የመጀመሪያው ምን ሆነ? ተበላሸ?» አለችው አክስቴ።

«አልተበላሸም እማ። ሰው ይሰለቻል። አንዳንዱ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል፣ የቀሩትም አመታታቸው ይለወጣል። ልብስ ሰፊው ይወጣሉ። በሳቸው ቦታ ጎሚስታውን አስገባለሁ፤ ጎማ እያንከባለለ።»

«ምን አደረጉህ ሰውዬው?»

«ምንም። ጌሙ መክበድ የለበትም። እዚህ አገር ሰው ከስልክ ወደ ስልክ እየተላላከ ነው የሚወስደው፤ ከከበደ አይቀበለውም። አንድ ከገባ አንድ ይወጣል።»

ስንት ጊዜ በልቤ የተለማመድኩትን ነገር ለማለት ጥሩ ጊዜ መሰለኝ። እንጀራውን እያየሁ «እኔንም አውጣኝ» አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። «አንቺን? አንቺን ካወጣሁማ ማን ይከፍተዋል? ሁሉም የሚመርጠው አንቺን ነው።»

«ለምን?»

«ስትሸፈኚ ማንም ስለማይመታሽ ነዋ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የኔ ስህተት ነው። መሸፈኑ የሚያበቃበትን ጊዜ ሳላስገባ ረሳሁት። ጣቱን ጭኖ የያዘ ሰው እንደተሸፈነ መዋል ይችላል። ወልድያ ላይ ሁለት ልጆች ሁለቱም አንቺን መርጠው፣ ሁለቱም ተሸፍነው፣ ባትሪ እስኪጨርሱ ተፋጠጡ አሉ።»

አክስቴ ሳቀች። ከዚያ እኔን አየችኝና ሳቋን ዋጠች።

«በሁለተኛው ግን አነሳዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«መሸፈኑን። ሻርፑ ራስሽ ላይ አለ፣ እሱን አልነካም። ፊትሽ ላይ የምትስቢውን ነው የማነሳው። ሌላ ምት እሰጥሻለሁ፣ አታስቢ።»

ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ። ግን ገበያ መሐል አንድ ሰው መጥቶ ሻርፔን ከእጄ የቀማኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

አክስቴ «ለመሆኑ ስታስገባት ጠይቀሃታል?» አለችው።

«እህቴ አይደለችም እንዴ? የቤት ሰው ይጠየቃል?»

  በእኛ ቤት የአንዱ ጫማ የሌላው ነው፣ የአንዱ ስልክ የሌላው ነው፤ ጠይቆ የሚወስድ ካለ ምን ሆነሃል ይባላል። ስለዚህ ልጁ ያጠፋው ነገር ምን እንደሆነ በቃል ማስረዳት አልቻልኩም። ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ።

ቆይቼ ልብስ ሰፊውን አሰብኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጢማቸው የነጣ፣ ከመስጊድ የማይጠፉ። እሳቸውም እንደ እኔ አፍረው ሄደው ቢለምኑት ነው የወጡት አልኩ። እንዴት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል? የተከበረ ሽማግሌ በልጆች ስልክ ውስጥ ከረዳት ጋር ሲደባደብ መታየት ይወዳል? እንዲያ ነው የገባኝ። ምን ብለው እንዳሳመኑት ልጠይቃቸው ብዬ የደህናውን ማንጎ መርጬ በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ነበር። እጀታ እየሰፉ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ነይ ልጄ። የሚጠብ ነው የሚሰፋ?»

«የሚሰፋም የለኝም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው።»

«ጠይቂኝ።»

«አንቱ እንዴት ብለው ወጡ?»

«ከየት?»

«ከጌሙ ነው፣ ከሁለተኛው። እኔም ልውጣ ብዬ እምቢ አለኝ። አንቱን እሺ ያለዎት ምን ብለውት ነው?»

እግራቸው ቆመ። መዘውሩ ብቻ በራሱ ትንሽ ዞረ። ከዚያ እሱም ቆመ።

«ወጣሁ እንዴ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።  አይደለም ልበል፣ ተሳስቼ ነው ልበል እያልኩ ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወርኩ። እሳቸው ክርና መርፌ ከሚያስቀምጡበት መሳቢያ በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። ፈቱት፤ ግን አላበሩትም።

«ጅዳ ያለችው ልጄ ልጅ አለቻት» አሉ። «አማርኛ አታውቅም። የኔ አረብኛ ደግሞ ከሶላት አያልፍም። በስልክ ሲያገናኙን እሷም ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፤ በቃ ይኸው ነበር ወሬያችን። ይኼ ነገር ከመጣ ወዲህ ግን ታውቀኛለች። እናቷ ስትደውል ባለመቀሱን ስጪኝ ትላለች አሉ። እኔም እዚህ ሆኜ ስደባደብ አሳያታለሁ።» ፈገግ አሉ። «ስደበደብም አሳያታለሁ።»

«አባባ…»

«ግዴለም። ልጁ የሚያደርገውን ያውቃል።»

ስልኩን መልሰው ጠቀለሉና መርገጥ ጀመሩ። እጀታው በመርፌው ሥር ያልፋል፤ ግን አይሰፋም ነበር። ክሩ ከመርፌው ወጥቷል። አይቼዋለሁ። እጀታው እስኪያልቅ ድረስ ያለ ክር ረገጡት። ክሩ ወጥቷል ብሎ መንገር ለእኔ ምኔም አልነበረም፤ ግን ያን ቀን ከአፌ የወጣው በቂ መሰለኝና ማንጎውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ደህና ይዋሉ እንኳ አላልኩም። መንገድ ላይ ሰው ሲያየኝ ሁሉ ያደረግሁትን የሚያውቅ እየመሰለኝ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ወልድያ ሄድኩ። የልጁ ሱቅ ትንሽ ናት፤ ውስጡ ስልካቸው እስኪሠራ የሚጠብቁ ወንዶች ሞልተውት ነበር። መግባት አቅቶኝ በሩ ላይ ቆምኩ። የሚያልፈው ሁሉ ይገፋኛል። ልጁ ቀና ሲል አየኝ።

«ምን ሆንሽ? እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልብስ ሰፊውን መልሳቸው።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

መፍቻውን አስቀምጦ ራሱን ያዘ። «እኔው ልነግራቸው ነበር እኮ። በዘዴ።»

«በኔ ቦታ አስገባቸው። እኔ ልውጣ።»

«የቦታ ጉዳይ አይደለም። ማንም አይመርጣቸውም። ነይ እይ።» ስልኩን ሰጠኝ። «አንቺ እሳቸውን ያዢ፣ እኔ አንቺን እይዛለሁ።»

ጌሙን በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር። ጣቴን ስጭን ልብስ ሰፊው መቀሳቸውን ማንሳት ጀመሩ። አንስተው ሳይጨርሱ እኔ፣ ማለት ያቺ ሴት፣ ግንባራቸውን በማንጎ አለቻቸው። ወደቁ። ተነሡ። ሜትራቸውን ወረወሩ፤ ሜትሩ አጠገቧ ሳይደርስ አለቀ። እንደገና በማንጎ ተመቱ። በእኔው እጅ ተይዘው፣ በእኔው ሥዕል እየተመቱ መሬት ላይ ተዘረሩ። ሥዕላቸው ሲወድቅ ቆባቸው ትንከባለላለች። ያቺ ቆብ ምን እንዳደረገችኝ መናገር አልችልም።

«አየሽ?» አለኝ ዝቅ ብሎ። «መቀሱ ከባድ ነው፣ ሜትሩ አጭር ነው። እሳቸውን የሚመርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው።»

«መሸፈኑን ስጣቸው» አልኩ።

«ምን?»

«ከኔ አነሳዋለሁ አላልክም? ለሳቸው ስጣቸው። ብትን ጨርቅ አላቸው። ደንበኛ ሲያመጣላቸው እንዲህ አራግፈው…» ሰው መኖሩን ረስቼ ሁለት እጄን ዘርግቼ አራገፍኩ። «ሲዘረጉት እሳቸው አይታዩም። ጨርቁ ብቻ ነው የሚታየው።»

ወንዶቹ ሁሉ ያዩኛል። እጄን ሰበሰብኩ።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ይሆናል» አለ። «የሚያበቃበት ጊዜ እናስገባለታለን። ግን እንዲያ ከሆነ አንቺ መውጣት የለም። እሳቸው ተለውጠው አንቺ ደግሞ ከወጣሽ ሰው ጌሙን አያውቀውም። አንቺ ያለ ሽፋን ትቀሪያለሽ። ምትሽንም ቤት መጥቼ፣ ቆመሽልኝ፣ እቀርጻለሁ። ድምፅሽንም።» ከዚያ ቀስ ብሎ «ፈቃደኛ ነሽ?» አለኝ። ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

የሚቀለኝ ነገር አልነበረም። እሺ ካልኩ ፊቴን ገልጬ በሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ልቆም ነው። እምቢ ካልኩ ደግሞ ያቺ የጅዳዋ ልጅ አያቷን በምን ታውቃቸዋለች?

«እሺ» አልኩ። የተሰማ አይመስለኝም፤ ግን ራሴን ስነቀንቅ አይቷል።

ስልኩን የሚጠብቅ አንድ ሰው «እሷ ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«አይደለችም» አለ ልጁ ሳያየው። «ዘመዴ ናት።»

በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ልብስ ሰፊው ግቢያችን መጡ። ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል፤ ሰማያዊ ብትን ጨርቅ በብብታቸው ይዘዋል። ልጁ ምን ብሎ እንደጠራቸው አላውቅም። ስለዚያ ቀን አንድም ነገር አላነሱብኝም፤ ይኼ ደግሞ ከቁጣ ይልቅ ባሰብኝ።

ልጁ ስልኩን ጀሪካን ላይ አቆመው። «አባባ፣ እንደሱቁ አድርገው ይዘርጉት» አላቸው። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ያዙና አራገፉት። ጧ አለ። ሰማያዊው ተዘርግቶ ሲወርድ ሰውየው ከእግራቸው በቀር አልታዩም።

«ሱብሃነላህ፣ ሰውዬው ጠፉ» አለች አክስቴ ከማድ ቤቱ መስኮት።

«አለሁ አለሁ» አሉ ከጨርቁ ኋላ።

ተራው የኔ ሆነ። «ምቻቸው» አለኝ ልጁ።

«አንቱን?» አልኩ ወደ እሳቸው ዞሬ፤ እሱን ሳይሆን እሳቸውን።

«ምችኝ ልጄ፤ ለሥራ ነው።»

ሳፋዬን አነሳሁ። ክንዳቸው አጠገብ ሳደርሰው እጄ ቆመ። ደገምኩ፣ ቆመ። ልጁ «ይቅርታ እየጠየቅሽ ነው የምትመቺው፤ እንዲህ ያለ ምት የለም» አለ። አክስቴ ከመስኮቱ ትስቃለች። ያለ ሻርፕ፣ ማለት ሻርፔን ሳልስብ፣ ሁለት እጄ ሳፋው ላይ ሆኖ፣ ሦስት ሰው እያየኝ ቆሜ ነበር።

«ተዋት» አሉት ልብስ ሰፊው። «መደባደብ አትችልም። ልጄ፣ መኪናው ሊሄድብሽ ሲል ምን ታደርጊያለሽ? እሱን አድርጊ።»

አክስቴ ገባት። ከማድ ቤቱ መስኮት እንደ ተሳፋሪ አንገቷን አወጣችና «ነይ ልጂቱ፣ ማንጎው ጣፋጭ ነው? ኧረ ሾፌሩ ተነሣ» አለችኝ። ሮጥኩ። ሳፋውን ከራሴ በላይ አድርጌ፣ ክንዴን ወደ መስኮቱ ዘርግቼ፣ ልክ በየቀኑ እንደማደርገው። ልብስ ሰፊው መሐል ላይ መቆማቸውን ረሳሁ። የሳፋው ጠርዝ አገጫቸው ሥር አገኛቸውና ከኋላቸው የነበረ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

 ቆባቸው ወድቃ ነበር። በጌሙ እንዳየሁት ትንከባለል ነበር።

ሳፋውን ጥዬ መሬት መሬት እያየሁ ተንበረከክሁ። «አውፍ ይበሉኝ አባባ። አውፍ ይበሉኝ።» የዛሬውን ይሁን የዚያን ቀኑን እኔም አለየሁም፤ አፌ አላቆምም አለኝ። እንባዬ መጣ። ስልኩ አሁንም እየቀረጸ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

አገጫቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ወደ ልጁ ዞረው «ይኸው ምት» አሉት። «ይኼን አስገባ።»

ቆቧን አንስቼ አራገፍኩና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ከዚያ ድምፄን ልቀዳ ነው ተባለ። ስንት ጊዜ እንዳስደገመኝ አላስታውስም። ያለ ሻርፕ ድምፄ ይሰነጠቃል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። በመጨረሻ እንደምንም «የግራና ነው» ብዬ ስጮህ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን «ዛሬ ደግሞ እቤት ድረስ አመጣሽልን?» አለች፤ ከእሷ ጋር ያሉትም ሳቁ። ልጁ እሱንም ሳቅ አብሮ አስገባው።

ሲሄዱ ልብስ ሰፊው የጨርቁን አንድ ጫፍ ሰጡኝ። «እጥፉን ያዥልኝ» አሉ። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው፣ ጫፍ ለጫፍ እያገናኘን አጠፍነው። በተገናኘን ቁጥር አቀረቅር ነበር። 

ሁለተኛው ወጣ። ልብስ ሰፊውን አሁን ብዙ ሰው ይመርጣቸዋል፤ በረንዳቸው ጋ ቆመው እስኪ አንድ ጊዜ ያራግፉልን የሚሉ አሉ፤ እሳቸውም ያራግፉላቸዋል። እኔ ግን ቶሎ እሸነፋለሁ ይሉኛል፤ ድሮ እሸፈንበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን እመታለሁ። የመጀመሪያውም ከሰው ስልክ አልጠፋም። በሁለተኛው ከተነሣ በቃ ይጠፋል ብዬ ነበር እኮ የማስበው። አሁን እዚያኛው ላይ የተሸፈነች፣ እዚህኛው ላይ ያልተሸፈነች እኔ አለን፤ ሰው እንደ ፍላጎቱ ይመርጣል። ጎሚስታው ቦታ አላገኘም። ማን እንዳስቀረው አያውቅም፤ ሳልፍ ከጎማው ቀና ብሎ ሰላም ሲለኝ የማየው መሬቱን ነው።

እጣራለሁ። ድምፄ ለማንም አዲስ ስላልሆነ ከሳፋዬ ጋር ሮጬ እንደነገሩ እጣራለሁ። አንዳንድ ቀን ሳፋው ባዶውን ይገባል፣ አንዳንድ ቀን አይገባም። ጉንጬ ግን እንደድሮው ይግላል፤ ለዚህ የተገኘ ነገር የለም።

በቀደም ጠዋት መኪና እየጠበቅሁ ቆሜ ሳለሁ ልብስ ሰፊው መንገዱን ተሻግረው መጡ። ማንጎ ሊገዙ መስሎኝ ደህና ደህናውን ወደ ላይ አወጣሁ። እሳቸው ግን በጨርቅ የተጠቀለለውን ስልክ ይዘው ነበር።

«ትናንት ከጅዳ ደወሉ» አሉኝ። «ልጅቱ አሁን እኔን ትታ አንችን ነው የምትይዘው። የግራና ነው ትላለች፣ ጥርት አድርጋ። አማርኛዋ በሱ ጀመረ።»

 ማንጎዎቹን አስተካከልኩ።

«አንድ ነገር ደግሞ ጠየቀችኝ። እናቷ ናት የተረጎመችልኝ። ሴትዮዋ ስታሸንፍ ለምን መሬት መሬት ታያለች አለች። መልስ አጣሁላት፤ ነገ ትደውላለች። አንች ንገሪኝ እስኪ፣ ምን ልበላት?»